የትኛው ተከላካይ ይበልጣል? አምስት የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች በአንድ ሚዛን

ቺካጎ ውስጥ ስለ አሜሪካ ፉትቦል ወሬ ያነሣ ሰው «1985» የሚለውን ቁጥር ሳይሰማ አይለያይም። ባልቲሞር ላይ ቁጥሩ 2000 ነው፤ ሲያትል ላይ 2013፤ ፒትስበርግ ላይ ደግሞ በዕድሜ የገፉት ደጋፊዎች 1976ን ይጠራሉ። እያንዳንዱ ከተማ የእርሱን ተከላካይ የሚያህል በታሪክ እንዳልታየ ይምላል፣ ማስረጃም ይደረድራል። ማስረጃው አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። የሚያጣላው ሚዛኑ ነው፤ አንዱ በነጥብ፣ ሌላው በዋንጫ፣ ሦስተኛው በፍርሃት ይመዝናል።

በዋሽንግተንና በባልቲሞር ዙሪያ፣ በሲያትል ወይም በቺካጎ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን ክርክር በሥራ ቦታው ሳይሰማው አይቀርም። ብዙዎቻችን ራሳችንን እየነቀነቅን እንሰማለን እንጂ ወገን አንይዝም። ይህ ጽሑፍ ወገን መያዝ ለሚፈልግ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የውድድር ዘመኑ በሴፕቴምበር ተጀምሮ በተከታዩ ዓመት መግቢያ ላይ ስለሚጠናቀቅ «የ2000 ቡድን» ዋንጫውን ያነሣው በጃንዋሪ 2001 ነው።

ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ ሰው ይህን ያህል ይበቃል፦ የሚያጠቃው ቡድን 10 ያርድ (ዘጠኝ ሜትር ገደማ) ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። ኳሱን ተጋጣሚው ጫፍ ላይ ወዳለው የማስቆጠሪያ ክልል ማድረስ ተችዳውን ይባላል፣ 6 ነጥብ ነው፤ ከእርሱ በኋላ በምት አንድ ይጨመራል። ኳሱን መትቶ በምሰሶዎቹ መካከል ማሳለፍ ፊልድ ጎል ነው፤ 3 ነጥብ። ተከላካይ ኳስ ከጠለፈ ራሱ ሮጦ ማስቆጠር ይችላል። አጥቂዎቹና ተከላካዮቹ ከጥቂቶች በቀር የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሜዳ ሲገባ ሌላው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ይህ የመጨረሻው ነገር ከታች ብዙ ያነጋግረናል።

መጀመሪያ ሚዛኑ

አራት መለኪያዎችን እጠቀማለሁ። የመጀመሪያውና ዋናው፣ ቡድኑ ያስተናገደው ነጥብ ከዚያው ዓመት የሊጉ አማካይ ምን ያህል እንደራቀ ነው። ነጥብን ከዘመን ዘመን በጥሬው ማነጻጸር የ1970ዎቹን ደመወዝ የጤፍ ዋጋ ሳይጠይቁ ከዛሬው ደመወዝ ጋር እንደ ማነጻጸር ነው። አትላንታ ፋልከንስ በ1977 በ14 ጨዋታዎች 129 ነጥብ ብቻ ነው ያስተናገዱት፤ በጨዋታ 9.2 ማለት ነው። ከ1970 ወዲህ ከዚህ በታች ማንም አልወረደም። ታዲያ ለምን ማንም አይጠራቸውም? በዚያ ዓመት አንድ ቡድን በአማካይ የሚያስቆጥረው 17.2 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ሊጉ በሙሉ ነጥብ ተርቦ ነበር። ፋልከንስ ራሳቸው 7 አሸንፈው 7 ተሸንፈው ጥሎ ማለፉን ከቤታቸው ተመለከቱት። ሊጉ በ1978 ደንቡን ለወጠ፤ ተከላካይ ከመነሻው መስመር 5 ያርድ ካለፈ በኋላ ኳስ ተቀባዩን መግፋትም መያዝም ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ነጥብ እየጨመረ ሄዶ በ2013 አማካዩ 23.4 ደረሰ። ስለዚህ በ1976 የተቆጠረ 10 ነጥብና በ2013 የተቆጠረ 10 ነጥብ አንድ ዋጋ የላቸውም።

ሁለተኛው መለኪያ ተከላካዩ ከራሱ አጥቂዎች ምን ያህል እገዛ አገኘ የሚለው ነው። አጥቂው ኳስ ይዞ ረጅም ጊዜ ከቆየ ተከላካዩ ያርፋል፣ ተጋጣሚውም ዕድሉ ያንሳል። ሦስተኛው የተጋጣሚዎቹ ጥራት ነው። አራተኛው በጥሎ ማለፉና በፍጻሜው የታየው ነው፤ ሆኖም ይህ ሦስትና አራት ጨዋታ ብቻ ስለሆነ ከመጀመሪያው በላይ አልመዝነውም።

ሆን ብዬ የተውኳቸውም አሉ። ኳርተርባኩን፣ ማለትም ጥቃቱን የሚመራውን ወርዋሪ፣ ኳስ ሳይወረውር መሬት ላይ የመጣል ቁጥር እስከ 1982 ድረስ በተጫዋች ስም በይፋ አይመዘገብም ነበር፤ ስለዚህ የ1976ን ሰዎች በእርሱ መመዘን በደል ነው። በዝነኞች አዳራሽ የገቡ ተጫዋቾችን መቁጠርም ክርክሩን በክርክር መመለስ ነው፤ የገቡት ቡድኑ ስለተወደሰ ይሁን ቡድኑ የተወደሰው እነርሱ ስላሉበት ማን ይለየዋል?

ቺካጎ ቤርስ፣ 1985

ከዚህ ቡድን መጀመር ግድ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ የሚለኩት በእርሱ ነውና። በ16 ጨዋታ 198 ነጥብ፣ በጨዋታ 12.4፤ የሊጉ አማካይ 21.5 ነበር። ከተጋጣሚ 54 ጊዜ ኳስ ነጥቀዋል። በኖቬምበር በተከታታይ ሳምንታት ዳላስን 44 ለ 0፣ አትላንታን 36 ለ 0 ረቱ። በጥሎ ማለፉ ኒው ዮርክ ጃይንትስን 21 ለ 0፣ ሎስ አንጀለስ ራምስን 24 ለ 0 አሰናበቱ። በፍጻሜው ኒው ኦርሊንስ ላይ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስን 46 ለ 10 ሲያሸንፉ፣ ፓትሪየትስ በሩጫ ያገኙት ጠቅላላ ርቀት 7 ያርድ ነበር። ኳርተርባካቸው ቶኒ ኢሰን ስድስት ጊዜ ወርውሮ አንዱም ሳይሠምርለት በሌላ ተተካ። ከተቆጠረባቸው 10 ነጥብ የመጀመሪያዎቹ 3 ደግሞ የተከላካዮቹ ጥፋት አልነበሩም፤ የቺካጎው ሯጭ ዋልተር ፔይተን ገና በጨዋታው መግቢያ ኳስ ጥሎ ፓትሪየትስ ቺካጎ በር አጠገብ ስላገኙት ነው።

የመከላከል አሠልጣኙ በዲ ራያን የዘረጋው ስልት «46» ይባላል፤ ቁጥሩ የቀድሞው ተከላካይ ደግ ፕላንክ የማልያ ቁጥር ነው። አሠራሩ ጭካኔ አለው። ስምንት ሰው ወደ መስመሩ ይጠጋል። ኳርተርባኩን ከሚጠብቁት የተጋጣሚ የፊት መስመር ሰዎች በመሃል ያሉት ሦስቱ እያንዳንዳቸው ፊት ለፊታቸው አንድ ሰው ስለሚቆምባቸው፣ ሁለት ሆኖ አንዱን አጥቂ መግታት የሚባል ነገር ይቀራል። ከስምንቱ ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚቀር ኳርተርባኩ አያውቅም። ማይክ ሲንግልተሪ ከመሃል ቆሞ፣ ሪቻርድ ዴንት ከጠርዝ እየተወነጨፈ፣ ብዙ ኳርተርባክ ኳሱን ሳያይ ፍርሃቱን ያይ ነበር።

ግን ስምንት ሰው ወደፊት ከመጣ ኋላ ማን ይቀራል? ማያሚ ዲሴምበር 2 ቀን 1985 ማታ መልሱን አሳየ። አሠልጣኝ ዶን ሹላ ፈጣን ተቀባዩን ናት ሙርን ወደ መሃል አስገብቶ ከላይንባከር፣ ማለትም በፍጥነት ከማይወዳደረው የመሃል ተከላካይ፣ ጋር አፋጠጠው። ዳን ማሪኖ ደግሞ በዘመኑ ኳስ ከእጁ በፍጥነት በማውጣት አቻ አልነበረውም። በእረፍት ሰዓት ውጤቱ 31 ለ 10 ነበር፤ 38 ለ 24 አለቀ። ቺካጎ በዚያ ዓመት የተሸነፈው ይህን ብቻ ነው። ቢሆንም አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ የስልቱ ቀዳዳ የቱ ጋ እንዳለ ያሳየ ጨዋታ ነውና።

ሁለተኛው መለኪያ ላይ ስንደርስ ነው ቺካጎ ትንሽ የሚቀንሰው። አጥቂዎቹ 456 ነጥብ አስቆጥረዋል፤ ከሊጉ ሁለተኛ። ከሁሉም በላይ ኳስ ይዞ የሮጠውም ይኸው ቡድን ነው፤ ፔይተን ብቻውን 1,551 ያርድ ሮጧል። ተጋጣሚው ገና ከመጀመሪያው ሩብ ወደኋላ ስለሚቀር መሮጡን ትቶ መወርወር ይገደዳል፤ የራያን ሰዎች የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው። የቺካጎ ደጋፊ ይህን ሲሰማ ይቆጣል፤ ይቆጣ።

ባልቲሞር ሬቨንስ፣ 2000

165 ነጥብ በ16 ጨዋታ። በ16 ጨዋታ ዘመን ከዚህ ያነሰ ያስተናገደ የለም። በሩጫ የፈቀዱት በጠቅላላው 970 ያርድ ነው፤ ይህም የዚያው የ16 ጨዋታ ዘመን ክብረ ወሰን ነው። አራት ጊዜ ተጋጣሚያቸውን ያለ ነጥብ ሸኝተዋል፦ ፒትስበርግን፣ ሲንሲናቲን፣ ክሊቭላንድንና ዳላስን። መሃል ላይ ሳም አዳምስና ቶኒ ሲራጉሳ የሚባሉ ሁለት ግዙፍ ሰዎች የተጋጣሚን የፊት መስመር ሰዎች ስለሚይዙ፣ ከኋላቸው ሬይ ሉዊስ ማንም ሳይነካው ኳስ ወዳለበት ይከንፍ ነበር። የመከላከል አሠልጣኙ ማርቪን ሉዊስ ነበር።

የዚህ ቡድን ታሪክ የሚነበበው ግን በኦክቶበር ነው። አጥቂዎቹ አምስት ጨዋታ በተከታታይ አንድ ተችዳውን እንኳ ማስቆጠር አልቻሉም። እንዲህ ያለ ቡድን አምስቱንም ቢሸነፍ ማን ይደነቃል? ባልቲሞር ሁለቱን አሸነፈ፤ ክሊቭላንድን 12 ለ 0፣ ጃክሰንቪልን 15 ለ 10። የተሸነፋቸው ሦስቱ ደግሞ 10 ለ 3፣ 14 ለ 6 እና 9 ለ 6 ናቸው። በአምስቱ ጨዋታ በጠቅላላው 43 ነጥብ ብቻ ተቆጠረባቸው። ኳርተርባኩ ቶኒ ባንክስ በትሬንት ዲልፈር ተተካ፤ ከዚያም ቀሪዎቹን ሰባት የመደበኛ ጨዋታዎችና አራቱን የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች አከታትለው አሸነፉ። በአራቱ ጥሎ ማለፍ የተቆጠረባቸው 23 ነጥብ ነው። ከዚህ ውስጥ 7ቱ በፍጻሜው ጃይንትስ ከባልቲሞር የተመታላቸውን የመጀመሪያ ምት ተቀብለው ሮጠው ያስቆጠሩት ነው፤ ተከላካዮቹ ሜዳ ውስጥ እንኳ አልነበሩም። ፍጻሜው 34 ለ 7 አለቀ።

ጃንዋሪ 7 ቀን 2001 ናሽቪል ላይ የተደረገውን ጨዋታ ማየት ያስፈልጋል። ቴነሲ ታይታንስ በዚያ ዓመት ከባልቲሞር ያነሰ ያርድ የፈቀዱ ብቸኛ ቡድን ነበሩ፤ ማለትም የዓመቱ ሁለት ምርጥ ተከላካዮች ተገናኙ። የባልቲሞር አጥቂዎች ቀኑን ሙሉ የገፉት 134 ያርድ ብቻ ነው። እስከ አራተኛው ሩብ 10 ለ 10 ነበሩ። ታይታንስ ፊልድ ጎል ሲሞክሩ ኳሱ በባልቲሞር ተከላካይ ተገታ፤ አንተኒ ሚቸል አፈፍ አድርጎ 90 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። ጥቂት ቆይቶ ለኤዲ ጆርጅ የተወረወረ ኳስ እጁ ላይ ሳለ ሬይ ሉዊስ ነጥቆት 50 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። 24 ለ 10። በሁለቱ ጉዞዎች መካከል የባልቲሞር አጥቂዎች ያደረጉት የሚነገር ነገር የለም።

አሁን ተከሳሹን እንጠይቅ። ሲንሲናቲና ክሊቭላንድ በዚያ ዓመት ከሊጉ ሁሉ ትንሹን ነጥብ ያስቆጠሩ ቡድኖች ነበሩ፤ 185 እና 161። ባልቲሞር አራት ጊዜ ገጥሟቸው 14 ነጥብ ብቻ ነው የተቆጠረበት። ተቺው ይህን ሲያነሣ ትክክል ነው። እንግዲህ አራቱን ጨዋታዎች እናውጣቸው፦ በቀሩት 12 ጨዋታዎች 151 ነጥብ፣ በጨዋታ 12.6 ይሆናል። ደካሞቹን አስወጥተን እንኳ ቺካጎ ሁሉንም ቆጥሮ ካገኘው ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። ክፉ ቀናቸውም አንድ ብቻ ነው፤ በሴፕቴምበር የጃክሰንቪሉ ጂሚ ስሚዝ 291 ያርድ ተቀብሎ 36 ነጥብ አስቆጠሩባቸው። በዚያ ቀን ያዳኗቸው፣ ማን ያምናል፣ አጥቂዎቹ ናቸው፤ 39 ለ 36 አሸነፉ።

ታምፓ ቤይ ባካኒርስ፣ 2002

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ያለ ተገቢ ዝናው የቀረው ይህ ነው። 196 ነጥብ፤ የሊጉ አማካይ 21.7። የተጋጣሚ ኳርተርባኮች በአንድነት 10 ተችዳውን ወርውረው 31 ጊዜ ተጠልፈዋል። ደንቡ ለወርዋሪ ባደላበት ዘመን ይህ ለማመን ይከብዳል።

የመከላከል አሠልጣኙ የሞንቴ ኪፊን ስልት ከቺካጎ ተቃራኒ ነው። ሰው አይልክም፤ አራቱ የፊት ተጫዋቾች ብቻቸውን ያስጨንቃሉ፣ ሰባቱ ኳሱን እያዩ ይጠብቃሉ። ሁለት ሰው ወደ ኋላ ይርቃል፤ የመሃሉ ላይንባከርም ወደ ጥልቀት ያፈገፍጋል። ዋረን ሳፕና ሲሜዮን ራይስ ከፊት፣ ደሪክ ብሩክስ ከመሃል፣ ሮንዴ ባርበርና ጆን ሊንች ከኋላ ሆነው ረጅሙን ኳስ ዘግተው አጭሩን በጥፊ ያስከፍሉ ነበር።

በፍጻሜው የሊጉን አንደኛ አጥቂ፣ ኦክላንድ ሬይደርስን፣ 48 ለ 21 አሸነፉ፤ አምስት ጠልፈው ሦስቱን ለተችዳውን መለሱ። እዚህ ላይ ግን እጠነቀቃለሁ። የታምፓው ዋና አሠልጣኝ ጆን ግሩደን ከዚያ በፊት እስከነበረው ዓመት ድረስ የሬይደርስ አሠልጣኝ ነበር፤ የተጋጣሚውን ጨዋታ ከነምልክቱ ያውቀዋል። ስለዚህ ፍጻሜው ብቻውን እንደ ማስረጃ አይበቃም። ታምፓን ከፍ የሚያደርገው ያ ቀን ሳይሆን የዓመቱ ሙሉ መዝገብ ነው።

ሲያትል ሲሆክስ፣ 2013

ነጥቡን በጥሬው ካየነው 231 ከአምስቱ ትልቁ ነው። አማካዩ 23.4 ስለነበር ግን ልዩነቱ እንደሚመስለው አይደለም። ከ1985ቱ ቺካጎ ወዲህ በአንድ ዓመት ትንሹን ነጥብ የተቆጠረበት፣ ትንሹን ያርድ የፈቀደና ብዙ ኳስ የነጠቀ የመጀመሪያው ቡድን ነው። ሪቻርድ ሸርማን፣ ኧርል ቶማስና ካም ቻንስለር የመሩት የኋላ መስመር ስልቱ ቀላል ነበር፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ማንም አያልፈውም።

ይህ ቡድን የሚበልጠው በሦስተኛው መለኪያ ነው። በፍጻሜው የገጠመው ዴንቨር 606 ነጥብ አስቆጥሮ ክብረ ወሰን የሰበረ፣ ፔይተን ማኒንግ 55 ተችዳውን የወረወረበት ቡድን ነው። ገና የመጀመሪያው ኳስ ሲነሣ ከማኒንግ ራስ አልፎ ወደ ኋላ፣ ወደ ዴንቨር የራሱ የማስቆጠሪያ ክልል ሄደ፤ ይህም ለተጋጣሚ 2 ነጥብ ስለሚያሰጥ በ12 ሰከንድ ሲያትል መራ። ዴንቨር ነጥብ ሲያገኝ ውጤቱ 36 ለ 0 ነበር። 43 ለ 8 አለቀ። በአንድ ጨዋታ የተጋጣሚው ኃይል ከተመዘነ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ የለም።

ፒትስበርግ ስቲለርስ፣ 1976

አምስት ጨዋታ ተጫውተው አራቱን ተሸነፉ፤ 110 ነጥብም ተቆጠረባቸው። ኳርተርባካቸው ቴሪ ብራድሾው ተጎዳ። ከዚያ በቀሩት ዘጠኝ ጨዋታዎች 28 ነጥብ ብቻ! አምስቱ ያለ አንዳች ነጥብ ያለቁ ናቸው። ከዘጠኙ መካከል ግን በዚያ ዓመት 14ቱንም የተሸነፈው ታምፓ ቤይና ሦስት ብቻ ያሸነፈው ጃይንትስ ይገኙባቸዋል፤ ዘመኑም ተከላካይ ተቀባዩን እንደ ልቡ የሚያንገላታበት፣ ከ1978 በፊት ያለ ነው። በጥሎ ማለፉ ዋና ሯጮቻቸው ሁለቱም ተጎድተው በኦክላንድ 24 ለ 7 ተሸንፈው ቀሩ። ዋንጫ ስለሌላቸው ብቻ ከክርክሩ ማስወጣት አይገባም። ግን ዘጠኝ ሳምንት ዓመት አይደለም።

በአንድ ገጽ

| ቡድን | በጨዋታ የተቆጠረበት | የዓመቱ አማካይ | ከአማካይ በታች (በግምት) | የራሱ አጥቂ | ቀዳዳው | መጨረሻው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ስቲለርስ 1976 | 9.9 | 19.2 | 49% | መካከለኛ፣ በጉዳት የተመታ | የዓመቱ መግቢያ፣ ደካማ ተጋጣሚዎች | ከፍጻሜው በፊት ወደቀ |
| ቤርስ 1985 | 12.4 | 21.5 | 42% | እጅግ ጠንካራ | ፈጣን ወርዋሪ፣ ብዙ ተቀባይ | ዋንጫ፣ 46 ለ 10 |
| ሬቨንስ 2000 | 10.3 | 20.7 | 50% | እጅግ ደካማ | አራት ቀላል ጨዋታዎች | ዋንጫ፣ 34 ለ 7 |
| ባካኒርስ 2002 | 12.3 | 21.7 | 44% | መካከለኛ | ፍጻሜው ላይ የአሠልጣኙ ዕውቀት | ዋንጫ፣ 48 ለ 21 |
| ሲሆክስ 2013 | 14.4 | 23.4 | 38% | ጥሩ | ከአማካይ ያለው ርቀት ከአምስቱ ትንሹ | ዋንጫ፣ 43 ለ 8 |

ለማን የትኛው?

አንድ ቡድን ብቻ ምረጥ ከተባልኩ ባልቲሞርን እመርጣለሁ፤ ከአማካዩ በጣም የራቀውም፣ ከራሱ ወገን ትንሹን እገዛ ያገኘውም እርሱ ነው። ሁለተኛው ላይ ቺካጎና ታምፓ ይታገላሉ። በቁጥር ታምፓ ትንሽ ይቀድማል፤ የጥሎ ማለፉ ሁለት ባዶ ውጤቶች ግን ሚዛኑን ወደ ቺካጎ ይመልሱታል።

ጊዜው አጭር ለሆነና ጨዋታውን ገና ለሚለምድ ሰው የሲያትልና የዴንቨርን ፍጻሜ እመክራለሁ። ደንቡም ምስሉም ለዛሬው ጨዋታ የቀረበ ነው፤ የተከላካይ የበላይነት ምን እንደሚመስል ለመረዳትም የመጀመሪያው አጋማሽ ይበቃል። ደንቡን ለሚያውቅና ሦስት ሰዓት ለሚያገኝ ደግሞ የናሽቪሉ ጨዋታ ይሻላል፤ ነጥብ ፈላጊ ከሆነ ግን ይሰለቸዋል። ቺካጎን በሁለት ጨዋታ መረዳት ይቻላል፤ ፍጻሜውንና የማያሚን። አንዱን ብቻ ያየ ግማሹን አየ።

ልጆችን ለሚያሠለጥን፣ ወይም ስልት መማር ለሚፈልግ፣ ታምፓን እላለሁ። የ46ቱ ስልት እንደ ዴንትና ሲንግልተሪ ያሉ ሰዎችን ይጠይቃል፤ የኪፊን ግን በቦታ አያያዝና በኳስ ላይ በመሰብሰብ የሚሠራ ስለሆነ ተራ ተጫዋችም ይማረዋል።

ቡድን የሚገነባበትን ገንዘብ ለሚያስብ አንባቢም አንድ ነገር ልጨምር። ሊጉ የቡድኖችን የደመወዝ ወጪ በጣሪያ የገደበው በ1994 ነው። ፒትስበርግና ቺካጎ ከጣሪያው በፊት ስለነበሩ ሰዎቻቸውን ለማቆየት ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ባልቲሞር፣ ታምፓና ሲያትል ግን በተገደበ ወጪ ነው የሠሩት። ሲያትል በዚህ ሁኔታ ከ2012 እስከ 2015 አራት ዓመት በተከታታይ ትንሹን ነጥብ ያስተናገደ ቡድን መሆኑን ሳስብ፣ ጥያቄው «በአንድ ዓመት» ሳይሆን «በዘመን» ቢሆን ኖሮ ምርጫዬን ከባልቲሞር ወደ ሲያትል አዛውር ነበር።

ከቺካጎ ደጋፊ ጋር ለሚከራከር ሰው፦ ስለ ፍጻሜው አትከራከር፣ ትሸነፋለህ። ስለ ፔይተን ሩጫና ስለ 456ቱ ነጥብ ጠይቀው። የባልቲሞር ደጋፊ ከሆነ ደግሞ አራቱን የሲንሲናቲና የክሊቭላንድ ጨዋታዎች አንሣበት፤ 12.6ን ካላወቀ ዝም ይላል። የ2015ቱን ዴንቨር የሚያመጣ ሰው ቢገጥምህ፣ በያርድ አንደኛ በነጥብ ግን አራተኛ እንደነበር ንገረው፤ ለዚህ ነው እዚህ ዝርዝር ውስጥ ያልገባው።